በሽሎ፦ ንጉሡ የጠረጉት፣ ጠላት የሄደበት ሸለቆ

ስለ ዓባይ በተነሣ ቁጥር ዐይናችን የሚያርፈው ጉባ ላይ ነው። የግድቡን ዕድሜ የሚወስኑት ግን ከዚያ በብዙ የራቁ ገባሮች ናቸው። ከነዚህ አንዱ በሽሎ ሲሆን ታሪኩ ለዛሬው የፖሊሲ ክርክር የሚጠቅም ትምህርት ይዟል።

በሽሎ በኩታበር አቅራቢያ ከወሎ ደጋ ይነሣል። ወደ ምዕራብ እየቆረጠ፣ ጅጣንና ሌሎችንም ወንዞች እየሰበሰበ ዓባይን ይቀላቀላል። በጅጣና በበሽሎ መካከል የደላንታ ደጋ ተዘርግቷል፤ ከበሽሎ ማዶ መቅደላ ይቆማል። ከወንዙ እስከ አምባው አናት ያለው ከፍታ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሡ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዘው ነበር። በጋፋት የተሠራውን ይህን መድፍ ለማሳለፍ ዐለት እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ መንገድ ተጠረገ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሥራው በዘመኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። ከዙላ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦርም ጅጣን የተሻገረው ንጉሡ ባስጠረጉት በዚሁ መንገድ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን በሽሎን ተሻግሮ በአሮጌ ድል አደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀች፣ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ።

መንገዱ ጉድለት አልነበረበትም። የጎደለው በዙሪያው ያለው ሕዝብና መኳንንቱ ከንጉሡ ጋር መሆናቸው ነበር። በትግራይ ካሣ ምርጫ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ የናፒየርን ጦር አልተቃወሙም። ግንባታ፣ የአካባቢው ሰው የእኔ ካላለው፣ ባለቤቱን ላይጠቅም ይችላል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ተሠርቷል። በሽሎ በየክረምቱ ከተዳፋት እርሻ የሚጠርገው አፈር ከዓባይ ጋር ወደዚያው ያመራል። ኪሳራው ግን ሁለት ጊዜ ነው፦ ገበሬው ማሳውን ያጣል፣ ግድቡም ይሞላል።

በዳላስና በፎርት ወርዝ የምንኖር ሰዎች መልሱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1944 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጎርፍ መከላከያ ሕግ የላይኛው ተፋሰስ ሥራ እንዲጀመርባቸው ከፈቀደላቸው 11 ተፋሰሶች አንዱ የትሪኒቲ ወንዝ ነበር። ጎርፍንና ደለልን የሚይዙ ትንንሽ ግድቦች በገባሮቹ ላይ፣ በባለ መሬቶች ፈቃድ፣ በየእርሻው ተሠሩ። የከተማው ደኅንነት ከገበሬው ማሳ እንደሚጀምር ሕጉ ተቀብሎታል።

ዳያስፖራው ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝቷል። ቀጣዩ ገንዘብ ወደ ተራራው ሊወጣ ይገባል፦ ለእርከን፣ ለዛፍ ችግኝ፣ ከሁሉ በፊት ግን መሬቱን ከልቅ ግጦሽ አስከብሮ ለሚያቆይ ገበሬ ቋሚ ጥቅም። ይህ ካልሆነ የደላንታ አፈር ጉባ ላይ መከማቸቱን ይቀጥላል።