ካቦው ንጉሥ

መንገድ በሚሠራበት ሰፈር ያደገ ሰው ካቦን ያውቀዋል። ቃሉ ጣሊያኖች ትተውልን ከሄዱት አንዱ ነው፤ «ካፖ»፣ አለቃ ማለት ነው። ካቦ አካፋ አይጨብጥም። ጥላ ሥር ቆሞ ስም ይጠራል፣ የቀረውን ይመዘግባል፣ ዐረፍ ያለውን ያስነሳል። የአደባባዩን ሣር የሚያጭዱት፣ የተነቀለ ኮብልስቶን የሚመልሱት፣ ቦይ የሚጠርጉት ሁሉ አንድ ካቦ አላቸው። ሰሞኑን ታዲያ እርስ በርሳችን ስንጨቃጨቅ የከረምነው በዚህ ሰውዬ ነው። ካቦው ራሱ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ቢያነሳ ለሠራተኛው ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል?

ግማሾቻችን «ምን ጥያቄ አለው፣ ይሻለዋል እንጂ!» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ደብረ ታቦርን አነሳን። ደብረ ታቦር ከተነሳች አፄ ቴዎድሮስ መነሳታቸው አይቀርም።

ከከተማዋ አለፍ ብላ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስኮና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ የእጅ ባለሙያዎች፣ እነ ዋልድማየር፣ እነ ዛልሙለር፣ እነ ቤንደር የሰፈሩት እዚያ ነበር። የመጡት ወንጌል ይዘው ነው። ንጉሡ የፈለጉት ግን እጃቸውን ነበር። መጀመሪያ ጠመንጃ ጠግኑ፣ ከዚያ መንገድ አስጠርጉ፣ በመጨረሻም መድፍ ሥሩ ተባሉ። አናውቅበትም ቢሉም ሰሚ አላገኙም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ድገሙት ተባለ፤ ተደገመ። ሥራው ሲሰምር ሽልማት ይዘንባል፤ ንጉሡ ሲጠረጥሩ ደግሞ ዘበኛ ይቆማል። በዚህ ዓይነት አሠሪ ሥር ነው እንግዲህ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ከታወቀችው የሩሲያ ወደብ ነው።

መድፉ ተሠራ። ግን የት ይተኮሳል? በዚያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ከእጃቸው እየሾለከ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል። ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ትግራይ በደጃዝማች ካሣ እጅ ናት። የቀራቸው አስተማማኝ ምሽግ መቅደላ ነው፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ደግሞ 70 ኩንታል ብረት የሚያሳልፍ መንገድ የለም። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1867) ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሠራዊቱን፣ ፈረንጆቹን፣ እስረኞቹንና መድፎቹን ይዘው ተነሱ። መንገዱ እየተሠራ ይሄዳሉ፤ እየሄዱም ይሠራሉ።

አቅጣጫው በጋይንት፣ በጨጨሆ በር፣ በዋድላ አድርጎ ወደ ቤተ ሆር ነው። ከዚያ የጅዳ ገደል፣ የደላንታ ሜዳ፣ የበሽሎ ገደል ይከተላሉ። ያን አገር በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ገደል ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባዋል። ዐለቱ በባሩድ ይፈርሳል፣ ሸለቆው በድንጋይና በቅርንጫፍ ይሞላል፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ጠፍር ትከሻው ላይ አድርጎ መድፉን ይጎትታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ይዞ ማስቀረቱ ከመጎተቱ የባሰ ነው። በቀን የሚገፋው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ጉዞው አምስት ወር ተኩል ፈጀ።

የዚህ ሁሉ ካቦ ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። ከመቅደላ እስረኞች አንዱ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ እንደጻፈው፣ ከንጋት እስከ ምሽት በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሳሉ፣ መሬት ይደለድላሉ፣ ጉድጓድ ይሞላሉ። እዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹ ግማሾቻችን አጨበጨብን። ብላንክ ግን ቀጥሎ አንድ ነገር ይጨምራል። ንጉሡ እዚያ እስካሉ ድረስ ማንም መሄድ አይችልም፤ መብላት፣ መጠጣት፣ ማረፍም አይታሰብም።

ጭብጨባችን እዚህ ላይ ቀዘቀዘ። ጥላ ሥር የቆመ ካቦ ቢያንስ ፊቱን ሲያዞር ወገብ ይቀናል። ንጉሥ አጎንብሶ እያለ ቀና የሚል ወገብ ግን ማን አለው? ደሞዝ የለም፤ ስንቁ በአብዛኛው ከገበሬው የሚዘረፍ ነው። ወታደሩ መልስ የሰጠው በእግሩ ነበር፤ ሲመሽ ይጠፋል። በበኩላችን ንጉሡን ማድነቃችንን አልተውንም፤ የዚያን ዘመን መኳንንት ድንጋይ መንካትን እንደ ውርደት ሲቆጥሩት እሳቸው አልናቁትም። ብቻ ስለዚያ መንገድ ስናወራ ስም የሌላቸውን ጎታቾች መርሳት የለመድነው ነገር ነው፣ እኛም ጭምር።

ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው ሌላ የመንገድ ሥራ በዚያው ሰሞን መጀመሩ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ግንባር ቀደም ቡድን ቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ወረደ። መሐንዲሶቹ ከባሕሩ ተነስተው ወደ ሰንአፌ መንገድ ቆረጡ፣ ባቡር ሐዲድም ዘረጉ። መድፋቸውን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ አስመጡ። ለአጋሰስና ለእህል የሚከፍሉት በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ ከየአገሩ ገዥ ጋርም ተስማምተው ነው ያለፉት። ሁለት ካቦዎች ከሁለት አቅጣጫ ወደ አንድ አምባ መንገድ ይቆርጣሉ ማለት ነው፤ አንዱ ከፍሎ፣ አንዱ አስገድዶ።

ቀድመው የደረሱት ቴዎድሮስ ናቸው! በመጋቢት ሴባስቶፖልን መቅደላ አደረሱ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ደግሞ ዋድላ ደርሶ ቤተ ሆር ላይ የተጠረገ ሰፊ መንገድ አገኘ። የንጉሡ መንገድ ነበር። በቀሩት ወታደሮቻቸው ትከሻና በራሳቸው እጅ የተሠራውን መንገድ ይዞ ጅዳን ወርዶ ደላንታን ወጣ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዓርብ፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ሆነ። መድፎቹ አልረዱም። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

እንግሊዞች ሲመለሱ ከመቅደላ የወሰዱትን ዘውድ፣ ታቦትና ብራና ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ አስፈልጓቸዋል። ሴባስቶፖልን ግን አልነኩትም። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አሁንም አምባው ላይ፣ ጎታቾቹ ባደረሱት ቦታ ተቀምጧል።