የአዋጅ ቁጥር 770 ልጆች

ኒኮላይ ቻውሼስኩ በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው አዋጅ ቁጥር 770፣ ሮማኒያ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ፅንስ ማስወረድን ከለከለች። ዓላማው የሕዝቡን ቁጥር ማብዛት ነበር። በተከታዩ ዓመት የወሊድ መጠን ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ልጅ ባልወለዱ ጎልማሶች ላይም ግብር ተጣለ። መንግሥት ሕዝቡ እንዲወልድ ማስገደድ ቢችልም ለተወለዱት የሚበቃ እንጀራ ግን አላዘጋጀም። ብዙ ድሆች ልጆቻቸውን ለመንግሥት ማሳደጊያዎች አስረከቡ። አገዛዙ በ1989 መጨረሻ ሲወድቅ በእነዚህ ተቋማት የተገኙት ልጆች ከመቶ ሺህ በላይ ነበሩ።

የጎደላቸው ምግብ ብቻ አልነበረም። ሕፃናቱ በሰዓት ይመገባሉ፣ በሰዓት ይታጠባሉ፤ ሲያለቅሱ ግን የሚያነሣቸው የለም። አንዲት ሞግዚት የብዙ ሕፃናት ኃላፊ ነበረችና።

ይህ እጦት በሰውነት ላይ የሚተወውን አሻራ ለማወቅ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚናህ በ2000 ቡካሬስት ውስጥ ጥናት ጀመሩ። 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ሰጡ፤ የቀሩት በተለመደው የመንግሥት እንክብካቤ ቆዩ። የሕፃንን ዕድል በዕጣ መወሰን ዛሬም ይከብዳል። ሆኖም በከተማይቱ አሳዳጊ ቤተሰብ የሚባል ነገር ከስም አያልፍም ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው መልምለው ማሠልጠን ነበረባቸው።

ልጆቹ 12 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው አስጨናቂ ፈተና ቀረበላቸው። በጭንቀት ጊዜ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከፍ ማለት ይገባዋል፤ በተቋም የቀሩት ልጆች ሰውነት ግን የሰጠው ምላሽ ደካማ ነበር። ነገሩ ከእርጋታ የመጣ አይደለም፤ የማንቂያው ደወል ራሱ ደንዝዞ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ግን በወላጆቻቸው ቤት ካደጉት እኩዮቻቸው ጋር ተቀራረቡ።

እንግሊዝ ውስጥ በማይክል ራተር የተጀመረው ሌላ ጥናት በጉዲፈቻ የሄዱትን የሮማኒያ ልጆች እስከ ጎልማሳነት ተከታትሏል። በተቋም ከስድስት ወር በታች የቆዩት እንግሊዝ ተወልደው በጉዲፈቻ ካደጉት እምብዛም አልተለዩም። ከዚያ በላይ የቆዩት ግን ምንም እንኳ በመልካም ቤት ቢያድጉ፣ የስሜት ችግር በወጣትነታቸው መግቢያ ላይ ጎልቶ ታየባቸው። የአንጎላቸው መጠንም በአማካይ በ8.6 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይሁንና ከመካከላቸው አንድ አምስተኛ የሚያህሉት ምንም ችግር አልታየባቸውም፤ ምክንያቱም ገና በቅጡ አልተፈታም።

ሮማኒያ በ2004 ባወጣችው ሕግ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በተቋም ማኖርን ከለከለች። ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ግን ከክልከላው ውጭ ተደረጉ።