የሬዲዮ ኢትዮጵያ ዜና መዋዕል፦ ከውጫሌ እስከ አቃቂ፣ ከአቃቂ እስከ ሐይቅ

ይህ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዜና ነው፤ እንዴት እንደ ተተከለ፣ እነማን እንደ ተናገሩበት፣ መቼ ተናግሮ መቼ ዝም እንዳለ የሚያስረዳ። የሚጻፈውም ከሐይቅና ከአምባሰል ምድር ሆኖ ነው፤ ይህች ምድር የጽሕፈት አገር ናትና። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም አቅንተው መጻሕፍት አስጻፉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርትም አፈሩ። ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። እንግዲህ በብራና የከበረች አገር በነፋስ የሚሄደውን ድምፅ እንዴት እንደ ተቀበለችው እንናገር።

የነገሩ ሥር ያለው በውጫሌ ነው። በ1881 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ በአምባሰል ምድር በውጫሌ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። የኢጣልያንኛው ቅጂ 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ብቻ እንድትነጋገር የሚያስገድድ ሆኖ ተገኘ። አንዲት አገር በሌላ ሰው አፍ ትናገር ማለት ነበር። ነገሥታቱና ሕዝቡ ይህን አልተቀበሉም፤ ክርክሩም አድዋ ላይ በደም ተፈታ። አገር የራሷ አንደበት ይኑራት የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ አልቆመም፤ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ከሸዋ ምድር፣ ከአቃቂ ሜዳ ላይ እንደገና ተነሣ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ ጊዜ የሽቦ አልባ መገናኛ ጣቢያ እንዲተከል አዘዙ። ሥራውን የያዘው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። ማማው ቆመ፤ መኪናውም ተተከለ። ሥራውም ዓመታት ከፈጀ በኋላ በ1927 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ሐሙስ ጥር 23 ቀን ጣቢያው በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። ልብ ያለው ልብ ይበል፤ የኢጣልያ ሰዎች የተከሉት ማማ ዓመት ሳይሞላው በኢጣልያ ላይ የሚመሰክር ሆነ። የወልወል ግጭት አስቀድሞ ተነሥቶ ነበርና፣ ሙሶሊኒም ጦሩን ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ጠረፍ እያጋዘ ነበርና።

1928 ዓ.ም. በጠባበት ሰሞን ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። በዚያው ሰሞን እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች ንግግር አደረጉ። እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው፤ ጃንጥራር ደግሞ የአምባሰል ገዥዎች ብቻ የሚጠሩበት ማዕረግ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ስሕን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ሲሆኑ በደሴ ያለው አንጋፋ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እቴጌይቱ ጦርነት የሚያመጣው መከራ በሴቶችና በሕፃናት ላይ እንደሚጸና ተናግረው፣ በየአገሩ ያሉ እናቶች ድምፃቸውን እንዲያሰሙ ተማጸኑ። ስለዚህ የውጫሌ ውል የተጻፈባት የአምባሰል ልጅ ያለ አስታራቂ፣ ያለ አማላጅ፣ በገዛ አንደበቷ ለዓለም ተናገረች። የአምባሰል ሰው ይህን ለልጁ ሊነግረው የሚገባ ነው።

ዓለም ሰማ፤ ነገር ግን አልረዳም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ደሴ ዘምተው ሳሉ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቡ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ታላቅ ውጊያ ሆነ፤ ጦሩም ተፈታ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ሲወጡ የአቃቂው ጣቢያ ለጠላት መጠቀሚያ እንዳይሆን እንዲበላሽ ተደረገ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ የራሱንም ሬዲዮ ተክሎ ተናገረበት። አገሪቱ አምስት ዓመት በባዕድ ድምፅ ተነገረላት።

በ1933 ዓ.ም.፣ በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ፤ ሬዲዮውም ተመለሰ። በመጀመሪያ ኃይሉ ትንሽ፣ ሰዓቱም ጥቂት ነበር። ሬዲዮ በየቤቱ ስላልነበረ በአዲስ አበባ አደባባዮች ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ማሠራጫው እየበረታ ሄደ፤ የሥርጭቱም ቋንቋዎች በረከቱ፤ በአማርኛ ላይ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛና ኦሮምኛ በየዘመኑ ታከሉ። ይህ ለወሎ ትልቅ ነገር ነው። በባቲ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገበያያልና፣ አንዱ ዜና ለሦስቱም በየቋንቋው መድረሱ መተማመንን ያጸናል።

ሬዲዮን የያዘ መንግሥትን እንደ ያዘ መቈጠር የጀመረውም በዚህ ዘመን ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ውጭ አገር በነበሩት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በተነሡ ጊዜ፣ ረቡዕ ታኅሣሥ 5 ቀን፣ የወሎ ገዥ የነበሩት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የአዲሱን መንግሥት አዋጅ በሬዲዮ አነበቡ። ለንጉሠ ነገሥቱ የታመነው ጦር በበኩሉ የፓትርያርኩን ቃል በወረቀት አሳትሞ ከአውሮፕላን በተነ። ከጥቂት ቀን ውጊያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ኃይል ሁሉ ከቤተ መንግሥቱ ጋር የሬዲዮ ጣቢያውን በር ሳይጠብቅ አላደረም።

አሁን ወደ አድማጩ እንምጣ። በሐይቅና በአካባቢው ገጠር ሬዲዮ በአንድ መንደር አንድ ቤት ብቻ የሚገኝበት ዘመን ነበር። ባለቤቱ በቆዳ ማኅደር ከትቶ፣ በጠፍር አንግቶ ገበያ ይወርድበታል፤ ማታ ደግሞ መደብ ላይ ያኖረዋል፤ ጎረቤትም ይሰበሰባል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥቂት ነፍስ ይዘራና ዜናውን ያደርሳል። መካከለኛው ሞገድ ቀን ምድር ለምድር ስለሚሄድ በሩቅ አገር ይደክማል። ሲመሽ ግን አጭሩም መካከለኛውም ሞገድ ከሰማይ እየነጠረ ተራራውን ይሻገራል። ስለዚህ የአምባሰል ሰው ብዙውን ነገር የሰማው በሌሊት ነው። መዘውሩን ሲያሽከረክርም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረውን የጀርመን ድምፅ፣ በኋላም የአሜሪካን ድምፅ ያገኝ ነበር፤ የአገሩ ሬዲዮ የነገረውን ከባዕዱ ጋር ያመዛዝናል።

ዝግጅቱም ብዙ ነበር። ዜና፣ ለገበሬው የሚሆን የእርሻ ምክር፣ ትምህርት በሬዲዮ፣ ድራማ፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ ዘፈን። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ አምባሰል በዚህች ምድር ስም ይጠራል፤ በሠርግና በማኅበር ይሰማ የነበረው ያ ዜማ በሬዲዮ እስከ ሐረርና እስከ ጎሬ ደረሰ። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንጎራጉር የሰማ ሁሉ ወሎን ሳያይ አወቃት። «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተረከ፤ ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር እንደ ዘመዱ ነገር ተከታተለ። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ደምሴ ዳምጤ ኳሱን ላላየው ሕዝብ በቃሉ አሳየው። ሬዲዮ በዚህ ሁሉ ሕዝቡን አከበረ፤ ሕዝቡም ወደደው።

ዜና መዋዕል ግን የከበረውን ብቻ ጽፎ የተዋረደውን ቢተው ሐሰተኛ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ሰው ከየቀዬው ወርዶ በመንገድ ዳር ወደቀ፤ ለአቤቱታ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሱ ገበሬዎችም በፖሊስ ተመለሱ። መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ የመንግሥቱም ሬዲዮ የመንግሥቱን ዝምታ ዝም አለ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣውን ፊልም የውጭ ሰው አየው፤ የወሎ መከራ ለዓለም በባዕድ አፍ ተነገረ። ወታደራዊው ደርግ ያንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ሐሙስ የንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረድ በሬዲዮ ታወጀ።

ደርግም ከቀደመው አልተማረም። በ1955 ዓ.ም. በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ተከፍቶ ለአፍሪካና ለእስያ ይናገር የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ወረሰና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አለው። ማሠራጫው በረታ፤ እውነቱ ግን አልበረታም። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ ሬዲዮውም መፈክርና መዝሙር ሲያሰማ፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በቆረም ሕዝብ በረኃብ ያልቅ ነበር። በጥቅምት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቆረምን አሳየ፤ ወሎ ለሁለተኛ ጊዜ በባዕድ አፍ ተነገረላት። ይህ ከውጫሌው አንቀጽ በምን ያንሳል? ያ ውል የአገሪቱን አንደበት ለሌላ ሊሰጥ የተጻፈ ነበር፤ ይህ ዝምታ የሕዝቡን አንደበት ለሌላ ሰጠ።

በ1983 ዓ.ም. ማክሰኞ ግንቦት 13 ቀን ሬዲዮው የደርጉን መሪ የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ከአገር መውጣት ተናገረ፤ በሳምንቱ ማክሰኞ ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ ከተማይቱን ያዘ፤ ጣቢያውንም ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአንድ ድርጅት ታጠሩ፤ ስሙም በኋላ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተባለ። የክልል ሬዲዮ ከባሕር ዳር ተነሣ፤ ኤፍ ኤምም ደሴ ደረሰ። ስልክ በየኪሱ ገባና ሬዲዮ ያረጀ መሰለ። ነገር ግን በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ሐይቅን በሸፈነ ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ብቻ ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኛል፤ በዚያች ሰዓት የተናገረው ሐሰት ከሆነ ሰሚው ሌላ ማረጋገጫ የለውም።

እንግዲህ ይህን ዜና የጻፍነው ለፍርድ ነው፤ ፍርዱም ይህ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በአቃቂ ሲተከል አገሪቱ ለዓለም በራሷ አፍ እንድትናገር አስቻለ፤ ይህ ክብሩ ነው። ሕዝቡ በራሱ አፍ ለመንግሥቱ እንዲናገር ግን ገና አላስቻለም፤ ይህ ዕዳው ነው። ዕዳው የሚከፈልበት መንገድም ሩቅ አይደለም። የዝናቡን መዘግየት፣ የእህሉን ዋጋ መናር፣ የከብቱን መክሳት ከአምባሰል ገበሬ አፍ ቀርጾ በዋናው ዜና ሰዓት ማሰማት ነው፤ ሹሙ ቢቈጣም ማሰማት ነው። ከሚኒስትሩ ጉብኝት በፊት የወረዳው ችግር ይነገር። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ በወሎ ክፉ ቀን ሲመጣ ኢትዮጵያ ከለንደን ሳይሆን ከወሎ ትሰማለች፤ በጊዜም ትደርሳለች። በጣቢያው የሚሠሩትን ሁሉ እውነትን ለመናገር እግዚአብሔር ያበርታቸው። አሜን።