የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ለልጆችና ለወላጆች የሚሰጠው አገልግሎት

በእስራኤል በመዋዕለ ሕፃናትና በትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆችና ወላጆቻቸው የትምህርት ሥነ ልቦና አገልግሎት ያገኛሉ። አገልግሎቱን የሚሰጠው የየአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ወይም ምክር ቤት ሲሆን፣ ሙያዊ መመሪያውን የሚያወጣው የትምህርት ሚኒስቴር ነው።

ባለሙያው ማን ነው?

የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ (ሳይኮሎጂስት) እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የሳይኮሎጂስቶች ሕግ መሠረት የተመዘገበ ባለሙያ ነው። ሐኪም ስላልሆነ መድኃኒት አያዝም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ (ዮዔጼት) የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ስትሆን፣ ሳይኮሎጂስቱ ግን ከአካባቢው የሥነ ልቦና አገልግሎት የሚመደብ ነው።

በምን ጉዳይ ይረዳል?

ልጁ ማንበብና መጻፍ ሲያስቸግረው፣ ትምህርት ቤት መሄድ ሲፈራ፣ ከእኩዮቹ ጋር መግባባት ሲያቅተው፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ሐዘን፣ ፍቺ ወይም የአገር ለውጥ ሲደርስበት ባለሙያው ከወላጆችና ከመምህራን ጋር ይመክራል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ልጁን በክፍል ውስጥ ይመለከታል። በጦርነትና በሌላ ድንገተኛ አደጋ ጊዜም የትምህርት ቤቱን ማኅበረሰብ ይደግፋል።

የሥነ ልቦና ምዘና

ምዘና (በዕብራይስጥ «ኢቭሑን») የሚደረገው በወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ዓላማው ልጁ የሚችለውንና የሚያስቸግረውን ለይቶ ተገቢውን እርዳታ ማግኘት እንጂ በልጁ ላይ ፍርድ መስጠት አይደለም።

በቤቱ አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ በዕብራይስጥ ሲመዘን የቃላት ዕውቀቱ አነስተኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህ የችሎታ ማነስን ላያመለክት ይችላል። በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ በአጭሩ የሚመልስ ልጅም መልሱን ያላወቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ግን ከቤቱ የተማረው ጨዋነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወላጆች ከምዘናው በፊት ለባለሙያው የሚከተሉትን ይንገሩ፦

• በቤት የሚነገሩትን ቋንቋዎችና ልጁ ዕብራይስጥ የጀመረበትን ጊዜ፤
• ልጁ ቀደም ሲል የት እንደተማረ፤
• የዓይንና የጆሮ ምርመራ ውጤቶችን፤
• በቤት ውስጥ በራሱ የሚያከናውናቸውን ሥራዎች።

ውጤቱ በሚገባዎት ቋንቋ እንዲብራራልዎ ይጠይቁ። ልጁ ራሱ ወይም ወንድምና እኅቱ አስተርጓሚ እንዲሆኑ አይፍቀዱ። ያልተረዱትን ሰነድ አይፈርሙ።

ልዩ ትምህርትን የሚወስነው ማን ነው?

ሳይኮሎጂስቱ ብቻውን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው የልዩ ትምህርት ሕግ መሠረት ልጁ ለልዩ ትምህርት አገልግሎት መብት እንዳለው የሚወስነው ኮሚቴ ነው። ወላጆች በኮሚቴው ፊት ቀርበው ሐሳባቸውን የመስጠት መብት አላቸው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2018 ከተሻሻለ ወዲህ መብቱ የተረጋገጠለት ልጅ በመደበኛ ክፍል በድጋፍ፣ በልዩ ክፍል ወይም በልዩ ትምህርት ቤት እንዲማር የሚመርጡት፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ወላጆች ናቸው። በውሳኔው የማይስማማ ወላጅ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

ምስጢር መጠበቅ

ባለሙያው የሰማውን በምስጢር የመያዝ ግዴታ አለበት። ሆኖም ልጅ ጥቃት እንደደረሰበት ከታመነ ወይም ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ሕጉ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል።

እንዴት ማመልከት ይቻላል?

ለመምህሩ፣ ለአማካሪዋ ወይም በቀጥታ ለአካባቢው የሥነ ልቦና አገልግሎት ማመልከት ይቻላል። ችግሩ እስኪባባስ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚሰጥዎትን የጽሑፍ ሪፖርት ሁሉ ቅጂውን ያስቀምጡ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር ይጠቅማል።