የድንኳኑ ጋራ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ገብቼ ወይራ ሥር ስቀመጥ ሁልጊዜ ድንኳን ይታየኛል። በ1870ዎቹ ንጉሥ ምኒልክ በዚሁ የተራራ ሰንሰለት እንጦጦ ላይ ሲከትሙ፣ ከተማ ማለት የንጉሡ ሰፈር ነበር። የንጉሡ ድንኳን መሐል ይተከላል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ ይሰፍራሉ። ዛሬ ማዕረግ ብቻ የሚመስሉን ስሞች የዚያ አሰፋፈር ካርታ ናቸው። «ደጃች ውቤ ሰፈር» ስንልም ያንኑ ዘመን እየጠራን ነው።

ድንኳኑ ራሱ ምድሩን አይጎዳም፤ ካስማው ተነቅሎ በቅሎ ላይ ይጫናል። የሚጎዳው እሳቱ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት እንጀራና ወጥ ይፈልጋል፤ ጽዱና ወይራው ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። አዲስ አበባም በማገዶ እጦት ቦታዋን ለአዲስ ዓለም ልትለቅ ተቃርባ ነበር። ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው።

እናቴ ከዚህ ጋራ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባዋ አውርዳ፣ ሸጣ አሳድጋኛለች። ስለዚህ ያንን ዛፍ በክፉ አላነሣውም። ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ባቋቋሙት በዚህ 705 ሄክታር መሬት ላይ አገር በቀሉ ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ ቦታቸውን ሲይዙ ማየት ልቤን ይሞላዋል።

ባለፈው መስከረም ልጄ ትንሽ ድንኳኗን ይዛ መጣች። ካስማውን አብረን መታን። እሳት አላነደድንም፤ ሻዩን በፔርሙዝ ይዘን ነበር። ሲመሽ ካስማውን ነቅለን፣ የተጋደመውን ሣር በእጃችን አቀናንተን ወረድን።