የላንታናይድ መኮማተር

የላንታናይድ መኮማተር ማለት ከላንታነም (አቶማዊ ቁጥር 57) እስከ ሉቴሺየም (71) ባሉት ንጥረ ነገሮች የአዮኖች ሬዲየስ አቶማዊ ቁጥር በጨመረ መጠን እያነሰ የሚሄድበት ባሕርይ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1925 የሰጠው የጂኦኬሚስትሪ ሊቁ ቪክቶር ጎልድሽሚት ነው።

ምክንያት

ባለ 3+ ሙል የላንታናይድ አዮኖች ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ በኒውክለሱ አንድ ፕሮቶን፣ በ4ኤፍ ምሕዋር ደግሞ አንድ ኤሌክትሮን ይጨመራል። የ4ኤፍ ኤሌክትሮኖች የውጪዎቹን ኤሌክትሮኖች ከኒውክለሱ ስበት በሚገባ አይከልሉም። በዚህም ስበቱ እየበረታ አዮኑ ይጠባል። በስድስት አቶሞች ሲከበብ የላንታነም አዮን ሬዲየስ 103፣ የጋዶሊኒየም 94፣ የሉቴሺየም 86 ፒኮሜትር ያህል ነው።

የሽግግር ብረቶች

በመጀመሪያው ረድፍ ባለ 2+ አዮኖች ቅነሳው እንዲህ የተስተካከለ አይደለም። ብዙ ጊዜ የማንጋኒዝ 83፣ የኒኬል 69፣ የዚንክ 74 ፒኮሜትር ነው። የ3ዲ ኤሌክትሮኖች ወደ አጎራባች አቶሞች ባቀኑ ምሕዋሮች ሲገቡ አቶሞቹን ስለሚገፉ ሬዲየሱ ይሰፋል። 4ኤፍ ግን በአዮኑ ውስጥ የተደበቀ በመሆኑ ይህ ውጤት እጅግ አነስተኛ ነው።

በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ በአንድ ምድብ ወደ ታች ሲወረድ ሬዲየስ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል። ከላንታናይዶች ቀጥለው በሚመጡት የሽግግር ብረቶች ግን መኮማተሩ ጭማሪውን ያጠፋዋል። የዚርኮኒየም አዮን (4+) 72፣ የሃፍኒየም 71 ፒኮሜትር ነው። የኒዮቢየምና የታንታለም አዮኖች (5+) ሁለቱም 64 ናቸው። መጠናቸው ቢመሳሰልም የታንታለም አቶም ክብደት የኒዮቢየምን እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ የብረቶቹ እፍጋት 16.7 እና 8.6 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው።

በማዕድናት ላይ ያለው ውጤት

መጠናቸውና ሙላቸው እኩል የሆነ አዮኖች በክሪስታል ውስጥ አንዱ በሌላው ቦታ ይተካሉ። በኦሮሚያ ክልል ጉጂ አካባቢ በሚገኘው የቀንጢቻ ታንታለም ማዕድን ኒዮቢየምና ታንታለም በኮሎምባይት-ታንታላይት ውስጥ አብረው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ለስልክና ለኮምፒውተር ካፓሲተር የሚውለውን ታንታለም ለማግኘት ሁለቱን በኬሚካል ዘዴ መለየት ያስፈልጋል።

ይህ ተመሳሳይነት ሊቃውንትንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1809 ዊልያም ዎላስተን ሁለቱ አንድ ንጥረ ነገር ናቸው ብሎ ነበር፤ ልዩነታቸውን በ1844 ያሳየው ሃይንሪክ ሮዘ ነው። ሃፍኒየምም ከዚርኮኒየም ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ1923 ዲርክ ኮስተርና ጆርጅ ዴ ሄቬሲ በኮፐንሃገን በኤክስሬይ ለይተው አግኝተውታል።