የፊልሙን ፍጻሜ የሚጽፈው ማን ነው?

በእኛ በተማሪዎች መካከል ስለ ህንድ ፊልም ሲነሣ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው ሣቅ ነው፤ «የህንድ ፊልም» የሚለው ቃል ራሱ በዕለታዊ ንግግራችን ለተጋነነና ለተንዛዛ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ሁለተኛው ናፍቆት ነው፤ ፒያሳንና መርካቶን፣ የሲኒማ ኢትዮጵያንና የሲኒማ ራስን ደጃፍ የሚያስታውስ ሁሉ አብሮ የሚያስታውሰው ዘፈን አለው። ይሁን እንጂ ሣቁም ሆነ ናፍቆቱ የምርመራን ቦታ ሊይዝ አይችልም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ በሂንዲ ቋንቋ የሚሠራው የገበያ ፊልም የገበሬን ዕዳና የመሬትን ጥያቄ በዚያ ኃይል ማቅረብ ከቻለ፣ መጨረሻው ላይ ደርሶ ስለምን ገበሬውን ይከዳዋል? (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የተለመደውን ክስ እንመልከት። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በየመካከሉ ይዘፈናል፤ በልጅነታቸው የተጠፋፉ ወንድማማቾች በአጋጣሚ ይገናኛሉ፤ በአዲስ አበባ ተመልካች አባባል ደግሞ «አክተር አይሞትም»። ከእነዚህ ውስጥ ዘፈኑን እንደ ጉድለት መቁጠር ስሕተት ነው። ዘፈንና ለቅሶ ከትዕይንት ጋር የተሣሠሩት ሲኒማ ከመፈጠሩ በፊት በህንድ ሕዝባዊ ተውኔት ውስጥ ነው። በእኛም ዘንድ በ1935 የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ቲያትር ዘፈንን ከተውኔት ጋር አስተባብሮ ማቅረቡን ማን ይዘነጋል? ሂንዲ የማያውቀው፣ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛም ማንበብ የማይችለው ተመልካች ታሪኩን የተከታተለው በዜማውና በፊት ገጽታው አማካይነት ነበር። የራጅ ካፑር «አዋራ» በ1954 በሶቪየት ኅብረት ከ60 ሚሊዮን በላይ ትኬት የተሸጠለትም የቋንቋውን አጥር በዚሁ መንገድ ስለ ዘለለ ነው። እንግዲህ ቅሬታችን በቅርጹ ላይ ሊሆን አይገባም። ቅሬታው በፍጻሜው ላይ ነው።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ በ1957 የወጣው የመህቡብ ኻን «ማዘር ኢንዲያ» ነው። ራዳ የተባለችው ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ የምታገኘው ዕዳን ነው። ለሠርጉ የተወሰደው 500 ሩፒ በአራጣ አበዳሪው በሱኪላላ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ ለወለዱ ብቻ ከምርቱ ከአራት እጅ ሦስቱ ይወሰዳል። ማንበብ የማይችል ሰው የተቀበለውን ዕዳ የሚያስከብረው መዝገቡ ነው። ሲሶና እኩል እየከፈለ የኖረ ጭሰኛ ወይም የጭሰኛ ልጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. ነበር። ያ ተማሪ የህንድን ፊልም የሰነፎች መዝናኛ አድርጎ ይመለከት ይሆናል፤ ነገር ግን መፈክሩ የሚናገርለት መከራ በዚያ ዘመን በነበረ የህንድ ፊልም ውስጥ ከነመዝገቡ ተስሎ ነበር።

ታዲያ ፍጻሜው ምንድን ነው? የራዳ ልጅ ቢርጁ ሸፍቶ አራጣ አበዳሪውን ይገድላል፤ መዝገቡንም ያቃጥላል፤ የአበዳሪውንም ልጅ ጠልፎ ሊሄድ ሲል የገዛ እናቱ ተኩሳ ትገድለዋለች። ከዚያ የመስኖው ውኃ ይለቀቃል፤ መንግሥት ልማት አምጥቷል። ጠለፋውን ማንም አይደግፍም። ነገር ግን ደራሲው ጠለፋውን ለምን እንዳስገባው መጠየቅ ተገቢ ነው። የአመፁን ፍትሐዊነት ሊክድ ስላልቻለ፣ አመፀኛውን በሌላ ወንጀል አስወንጅሎ አስገደለው። የዕዳውና የመሬቱ ጥያቄ በእናትየው እንባ ተሸፍኖ ያልፋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ነው። የራሜሽ ሲፒ «ሾሌ» በህንድ የታየው ነሐሴ 15 ቀን 1975 ነው። ይህም በእኛ አገር የገጠር መሬት አዋጅ (የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.) በወጣ በአምስት ወር፣ በህንድ ደግሞ ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባወጁ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ፣ ሁለት እጆቹን በሽፍታው በጋባር ሲንግ የተቆረጠው የቀድሞ የፖሊስ መኮንን ጠላቱን በሚስማር በተጠቀጠቀ ጫማው ረግጦ ይገድለዋል። ሳንሱር ይህን አልፈቀደም። ፍጻሜው እንደገና ተቀርጾ ፖሊስ በመጨረሻዋ ደቂቃ እንዲደርስና ቅጣቱን ለሕግ እንዲተው ተደረገ። ፊልሙ ታድሶ ከመጀመሪያ ፍጻሜው ጋር በጣሊያን በቦሎኛ ከተማ የታየው ከ50 ዓመት በኋላ በ2025 ነው። ስለሆነም ስንስቅበት የኖርነው «ዘግይቶ የሚደርስ ፖሊስ» የደራሲ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የመንግሥት እጅ ጽሑፍ ነው።

ከሳንሱር ሌላ ገንዘብ አለ። እስከ 1940ዎቹ ድረስ የህንድ ፊልም በአመዛኙ የሚሠራው ተዋንያንንና ባለሙያዎችን በደመወዝ በሚያስተዳድሩ የፊልም ድርጅቶች ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጥቁር ገበያ የተገኘ ትርፍ መደበቂያ ፈልጎ ወደ ፊልም ሲጎርፍ እነዚህ ድርጅቶች ተዳከሙ፤ በምትካቸው ተበድሮ የሚሠራ ነጋዴ ተነሣ፤ የታዋቂ ተዋንያን ዋጋም ናረ። መንግሥት በ1949 ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ በ1951 ባቀረበው ዘገባ ይህንኑ ሁኔታ አጋልጧል። ይሁን እንጂ ፊልም እንደ ኢንዱስትሪ ታውቆ የባንክ ብድር በር የተከፈተለት በ1998 ነው። እስከዚያው ድረስ አምራቹ ከግል አበዳሪ በከባድ ወለድ እየተበደረ፣ ከአከፋፋዮችም ቅድሚያ ክፍያ እየተቀበለ ይሠራ ነበር። ወለድ የሚቆጠርበት ሰው አዲስ ነገር አይሞክርም፤ አምና ያተረፈውን ይደግማል። እንግዲህ በመጋረጃው ላይ አራጣ አበዳሪውን የሚረግመው ፊልም ከመጋረጃው በስተጀርባ የአራጣ አበዳሪ ባለዕዳ ነበር።

ይህ የቋንቋው ወይም የሕዝቡ ዕጣ ፈንታ አለመሆኑን የሚያስረዱ ሥራዎች በዚያው በሂንዲ ቋንቋ አሉ። በ1953 የወጣው የቢማል ሮይ «ዶ ቢጋ ዛሚን» መሬቱን ከባለርስቱ ዕዳ ለማዳን ካልካታ ወርዶ ሰው የሚጭን ጋሪ በእጁ ስለሚጎትት ገበሬ ነው። ዘፈን አለበት፤ እንባም አለበት። ግን ፖሊስም ዕድልም አይደርስለትም። ሲመለስ መሬቱ ላይ ፋብሪካ እየተሠራ ነው፤ አንድ እፍኝ አፈር ሊያነሣ ሲል ዘበኛው ያስጥለዋል። በ1976 የወጣው የሺያም ቤኔጋል «ማንታን» ደግሞ ስለ ወተት አምራቾች ማኅበር ነው። ለፊልሙ ሥራ 500,000 የጉጃራት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ አዋጡ፤ ሲወጣም በጭነት መኪና እየተሳፈሩ ሊያዩት መጡ። በፍጻሜው ከከተማ የመጣው ባለሙያ ተዛውሮ ይሄዳል፤ ማኅበሩን ግን የመንደሩ ሰዎች ይቀጥሉበታል። አክተሩ ሄደ፤ ሥራው አልሞተም። ገንዘቡን ያዋጣው ሌላ ስለሆነ ፍጻሜውም ሌላ ሆነ።

ይህን ለመረዳት ከምንኖርበት ከተማ መውጣት አያስፈልገንም። ከኮሪያታውን ተነሥቶ በኦሎምፒክ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ከተማው በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመውን የፌርፋክስን ክፍል ያልፋል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ ኃይሌ ገሪማ የፊልም ተማሪ የነበረበት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። «ምርት፤ ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ፊልሙ በ1974 በአገር ቤት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ፣ ልክ እንደ «ማንታን» በ1976 ወጣ። በዚያ ፊልም ውስጥ መሬቱን የተነጠቀው፣ እብድ የተባለው ከበበ ባለርስቱን ይገድላል። ፖሊስ አስቀድሞ ደርሶ ባለርስቱን አያድነውም፤ እናትም ከበበን አትገድለውም። ሆኖም አንድ መራራ ነገር አለ። ፊልሙ በውጭ አገር ሲደነቅ፣ የተሠራላቸው ገበሬዎች ግን የሲኒማ አዳራሽ አልነበራቸውም። «ማዘር ኢንዲያ» ሕዝቡን አግኝቶ ፍጻሜውን አበላሸ፤ «ምርት» ፍጻሜውን አግኝቶ ሕዝቡን አጣ።

ኃይሌ ይህን ችግር የተረዳ ይመስለኛል። በ1993 «ሳንኮፋ»ን አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉት አዳራሽ ራሱ እየተከራየ፣ በየከተማው የጥቁር ማኅበረሰቦችን እያስተባበረ አሳየው። የጉጃራት ገበሬዎች ከመቀረጹ በፊት ያደረጉትን ይህ ማኅበረሰብ ከተቀረጸ በኋላ አደረገው።

ዛሬ በአማርኛ የሚሠሩ ፊልሞች በርክተዋል። የህንድ ተከታታይ ድራማም በቅርብ ዓመታት አማርኛ እየተናገረ ቤታችን ገብቷል። ስለ አማርኛው ፊልም የምንሰማው ቅሬታ፣ ማለትም አንዱ ሌላውን ይደግማል፣ ሀብታምና ድሀ በፍቅር ይታረቃሉ፣ ጥያቄው በሠርግ ይዘጋል የሚለው፣ ትናንት ስለ ህንዱ ስንናገር የነበረው ነው። መንሥኤውም ያው መሆኑን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለን፤ የግል ገንዘብ፣ የአዳራሽ እጥረት፣ የሳንሱር ፍርሃት። ስለዚህ በስደት ያለን ተማሪዎች ከተመልካች ጣዕም በፊት የፊልምን ሒሳብ እናጥና። ማን አበደረ? በስንት ወለድ? ማን ፈቀደ? አዳራሹስ የማን ነው? ማኅበራችን ለሚያሰናዳው ለእያንዳንዱ የባህል ምሽት አዳራሽ እንከራያለን፤ መግቢያም እናስከፍላለን። ከዚያ ላይ በነፍስ ወከፍ 2 ዶላር ለአንድ ወጣት የፊልም ሠሪ ቢቀመጥ፣ ያ ሰው ቢያንስ ፍጻሜውን ለአራጣ አበዳሪ ሳያስነብብ ሊጽፍ ይችላል።